ስምዎን ስፔል ሲያደርጉ፦ ዜድ ወይስ «ዚ»፣ ኤች ወይስ «ሄይች»?

«ዘሪሁን» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሰባት ፊደል ነው፦ ዜድ፣ ኢ፣ አር፣ አይ፣ ኤች፣ ዩ፣ ኤን። ፎርም ላይ ሲሞላ ችግር የለበትም። በስልክ ስፔል ሲደረግ ግን ከሰባቱ አራቱ እንደየአገሩ ይለዋወጣሉ። የቺካጎ ሰው የመጀመሪያውን «ዚ» ይለዋል። የለንደን ሰው አርን ሲጠራ «ር»ን ሳያሰማ ረዘም ባለ «አ» ያልፈዋል። አላባማ ውስጥ ደግሞ አይ የምትባለው ፊደል ራሷ ወደ ረዘመ «አ» ትጠጋለች። ደብሊን ሲደርሱ ኤች «ሄይች» ይሆናል። ለንደን ላይ የተሰማው «አ» እና አላባማ ላይ የተሰማው «አ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት መሆናቸውን ያላወቀ ሰው ስሙን አበላሽቶ ይጽፋል። በተበላሸ ስም የተቆረጠ የአውሮፕላን ትኬት ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም፤ ለማስተካከል ብዙ ያንከራትታል፣ ገንዘብም ሊያስከፍል ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ፊደላቱን ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት ቤት በለመድናቸው ስሞች እንጠራለን፤ የሌላ አገር አጠራራቸውን በትእምርተ ጥቅስ እናስቀምጣለን። የትኛው አጠራር ትክክል ነው ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ሁሉም በየአገሩ ትክክል ነው። የሚሻለው ከወዲያ ያለው ሰው ደግመህ በለኝ ሳይል የሚጽፍልዎ ነው፤ የሚያጠራጥር ሲሆን ደግሞ ፊደሉን በቃል ማስደገፍ።

ዜድ እና «ዚ»

ዜድ ከግሪኩ ዜታ የመጣ ስም ነው፤ በላቲንና በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝ ገባ። ዛሬ በብሪታንያ፣ በአየርላንድ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በሕንድ የሚሠራበት ይኸው ነው። እኛም ያደግነው በዚሁ ነው። «ዚ»ን ብዙ ሰው የአሜሪካኖች ፈጠራ ያደርገዋል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1677 እንግሊዝ ውስጥ በታተመ የፊደል ማስተማሪያ ላይ ይገኛል። አሜሪካ ውስጥ ሥር የሰደደው ኋላ ነው። ኖህ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1828 ባወጣው መዝገበ ቃላት ፊደሉ «ዚ» ተብሎ እንደሚነበብ ጻፈ። የፊደል መዝሙሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1835 ቦስተን ውስጥ የቅጂ መብት ወጣለት፤ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በሚዘመርበት መልኩ ቤት የሚመታው ፊደሉ «ዚ» ሲባል ብቻ ነው።

በጥራት ከሆነ ዜድ ይበልጣል፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለንም። በአሜሪካ አጠራር ዘጠኝ ፊደላት በአንድ ድምፅ ያልቃሉ፦ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ፒ፣ ቲ፣ ቪ፣ «ዚ»። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ኮምፒውተሮችን የሚሠሩ ተመራማሪዎች እነዚህን ዘጠኙን እንደ አንድ አስቸጋሪ ቡድን ይቆጥሯቸዋል፤ የሚለያዩት መጀመሪያ ላይ ባለችው አጭር ተነባቢ ብቻ ስለሆነ እርሷ ከጠፋች ሁሉም አንድ ናቸው። ከሁሉም የሚከፋው ሲ እና «ዚ» ናቸው። ምላስ በሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ልዩነቱ የጉሮሮ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ዜድ ግን በ«ድ» ይዘጋል። እንደዚያ የሚያልቅ ሌላ ፊደል የለም።

ይሁንና አሜሪካ ውስጥ ጥራት ከልማድ አይበልጥም። ዜድን የሚያውቅ አሜሪካዊ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ስም እየጻፈ ባለበት ፍጥነት ያልጠበቀውን ድምፅ ሲሰማ ይቆማል፣ ይጠይቃል፣ ወይም የመሰለውን ጽፎ ያልፋል። ስለዚህ ለአሜሪካ ስልክ የምንመክረው «ዚ»ን ከቃል ጋር ነው፦ «ዚ አዝ ኢን ዚብራ»። ቃሉ ራሱ እንደሚለዋወጥ ልብ ይበሉ፤ አሜሪካ «ዚብራ»፣ እንግሊዝ «ዜብራ» ነው። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ አካባቢ ታክሲ ለሚነዱ ሰዎች ነገሩ አዲስ አይደለም። የመንገድ ክፍያው መሣሪያ ኢዚ ፓስ የሚባለው ኢ እና «ዚ» ተያይዘው ሲነበቡ «ቀላል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስለሚሰጡ ነው። በዜድ ቢነበብ ስሙ ትርጉም አይኖረውም።

ካናዳ መሀል ላይ ናት። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚጠቀመው ዜድ ነው፤ ልጆች ግን ከአሜሪካ የልጆች ቴሌቪዥንና ከፊደል መዝሙሩ «ዚ»ን ይዘው ይመጣሉ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ሊቅ ጃክ ቼምበርስ በደቡብ ኦንታሪዮ እንዳሳየው እነዚሁ ልጆች ሲያድጉ አብዛኞቹ ወደ ዜድ ይመለሳሉ። ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ ወይም ኤድመንተን ለሚኖር ሰው ምርጫው ዜድ ነው፤ «ዚ» ቢልም ይግባባል።

የፊሊፒንስ ሰዎች የአሜሪካ አገዛዝ ባስቀረው ልማድ «ዚ» ይላሉ። የንግድና የሰው ስም ሲሆን አገር አይታይም፤ ራፐሩ ጄይ-ዚ ለንደን ላይም ጄይ-ዚ ነው። በተቃራኒው ኒውዚላንዶች አገራቸውን በምሕጻር ሲጠሩ «ኤን ዜድ» ነው፤ «ኤን ዚ» ብሎ የሚጠራ እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች በቤት ዜድ ማስተማር አለብን ወይ ብለው ይጠይቃሉ። መዋዕለ ሕፃናት የሚማረው «ዚ» ስለሆነ በቤትም እርሱን ይጠቀሙ። ዜድ የዚያው ፊደል ሌላ ስም መሆኑን ልጁ ፊደሉን ከለየ በኋላ መንገር በቂ ነው።

ኤች

እዚህ ላይ ምርጫው ቀላል ነው፦ ያለ «ህ»። ስሙ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ሲመጣም መነሻው ላይ «ህ» አልነበረውም፤ አሜሪካም ሆነ አብዛኛው ብሪታንያ «ኤይች» ይላሉ። «ሄይች» የአየርላንድ አጠራር ነው። አየርላንዳውያን መነኮሳት ባስተማሩባቸው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በኩል አውስትራሊያ ገብቶ እስካሁን አለ፤ በሕንድ፣ በማሌዥያና በሲንጋፖርም ብዙ ጊዜ ይሰማል። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ በወጣቶች ዘንድ እየተስፋፋ ነው፤ የአጠራር መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ጆን ዌልስ ባደረገው መጠይቅ እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ ከተወለዱት ሩብ ያህሉ «ሄይች»ን መርጠዋል።

ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ፊደሏ ክብደት አላት። ፕሮቴስታንቱ «ኤይች»፣ ካቶሊኩ «ሄይች» ይላል ተብሎ ስለሚታወቅ፣ በሁለቱ ወገኖች ግጭት ዘመን አንድ ሰው የየትኛው ወገን እንደሆነ መለያ ሆና ቆይታለች። ቤልፋስት ውስጥ የሚኖር እንግዳ የለመደውን ይበል እንጂ አንዱን ወይም ሌላውን ለመምሰል አይሞክር።

ለእኛ ከ«ህ»ው ይልቅ የሚያስቸግረው አናባቢው ነው። «ኤችአይቪ» እንደምንለው አጭር «ኤች» ስንል እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ወደ «ይ» የሚያዘነብለው ድምፅ ይጎድላል። ሳብ አድርገው «ኤይች» ይበሉት። ሳብ ሲደረግ ግን ሌላ ችግር ይመጣል፤ ስምንት ቁጥር «ኤይት» ነው፤ ከ«ኤይች» የሚለየው የመጨረሻው ድምፅ ብቻ ነው። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ሲያነቡ «ሌተር ኤይች»፣ «ነምበር ኤይት» ብለው ይለዩት።

ማመልከቻና የሥራ ደብዳቤ ለሚጽፉ አጠራሩ ሰዋስው ውስጥም ይገባል። «ኤይች» በአናባቢ ስለሚጀምር ኤችአር፣ ኤችአይቪ ከሚሉ ምሕጻሮች በፊት የሚገባው መስተአምር (አርቲክል) «አን» ነው። «ሄይች» የሚል አየርላንዳዊ «ኧ» ብሎ ቢጽፍ ከአንደበቱ ጋር ይስማማል፤ ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ቀጣሪ የሚላክ ደብዳቤ ላይ ግን ስህተት ይመስላል። በዚሁ ሕግ ኤፍ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ እና ኤክስም «አን» ይወስዳሉ፤ ዩ ደግሞ በ«ይ» ድምፅ ስለሚጀምር «ኧ» ነው።

«አ» እና «አይ» የሚመስሉት

ስለ ዜድ ብዙ ተጽፏል። ስም የሚያበላሹት ግን ይበልጡን እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም ዜድና «ዚ» ቢለያዩም ወደ ሌላ ፊደል አይቀየሩም፣ እነዚህ ግን ይቀየራሉ።

አርን ይውሰዱ። በደቡብ እንግሊዝ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በደቡብ አፍሪካ ከቃል መጨረሻ «ር» አይሰማም፤ ስለዚህ ፊደሉ ረዘም ያለ «አ» ብቻ ነው። በአብዛኛው አሜሪካ፣ በካናዳና በስኮትላንድ «ር» ይሰማል። አየርላንድ ውስጥ «ኦር» የሚሉ አሉ፤ የአገሪቱን ብሔራዊ ማሠራጫ ምሕጻር ሲጠሩ «ኦር ቲ ኢ» ይላሉ። ኦ ብለው ጽፈው ቀጣዩን እንዳይጠብቁ።

አይ በአሜሪካ ደቡብ፣ በጆርጂያና በአላባማ፣ ጫፉ ይቆረጥና «አ» ይሆናል። ኤ ደግሞ አውስትራሊያና ምሥራቅ ለንደን ውስጥ አፍ ተከፍቶ ስለሚባል ለአማርኛ ጆሮ «አይ» ይመስላል። ሜልበርን ውስጥ «አይ» ሰምተው አይ የጻፉ ሰው ብዙ ጊዜ ኤ መጻፍ ነበረበት፤ በዚያው አገር እውነተኛዋ አይ ወደ «ኦይ» ስለምትጠጋ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲሰሟቸው ይለያሉ። በዕድሜ የገፉ አየርላንዳውያን ኤ የምትባለውን ፊደል «አ» ሲሉም ይሰማል። እንግዲህ ባዶ «አ» ሲሰሙ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይዩ፦ ለንደኔ ከሆነ አር፣ የአትላንታ ሰው ከሆነ አይ፣ የኮርክ ሽማግሌ ከሆነ ኤ ሊሆን ይችላል። ካጠራጠረ «አር አዝ ኢን ሮበርት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሲናገሩ ግን የእኛ ጠንካራ «ር» ጥቅም አለው። የትም አገር ይሰማል፤ እንግሊዝ ውስጥ ስላሉ ብቻ አይጣሉት።

ጄ ስኮትላንድ ውስጥ በአንዳንዶች አፍ «ጃይ» ነው፤ ከኬ ጋር ሳይሆን ከአይ ጋር ቤት ይመታል። ሞንትሪያል ወይም ፓሪስ ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት፤ በፈረንሳይኛ ጂ «ዤ»፣ ጄ ደግሞ «ዢ» ስለሚባሉ ከእንግሊዝኛው ጋር የተገለባበጡ ይመስላሉ። ጌታቸው ወይም ጀማል የሚባል ሰው ሁለት ቋንቋ ለሚናገር ጸሐፊ ሲነግር ፊደሉን ብቻ ባይጥል ይሻለዋል።

ስልኩ ራሱ የሚሠራው ጥፋት

የድሮው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። ኤስን ኤስ የሚያሰኘው የ«ስ» ፉጨት አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው፤ ሲቆረጥ ኤፍ እና ኤስ አንድ ይሆናሉ። የዲቪ ኬዝ ነምበር ያለው ሰው ይህን በደንብ ይያዝ። ቁጥሩ ውስጥ ከዓመተ ምሕረቱ ቀጥሎ የሚገቡት ሁለት ፊደላት የአፍሪካ ከሆነ ኤ እና ኤፍ፣ የእስያ ከሆነ ኤ እና ኤስ ናቸው። በስልክ «ኤኤፍ» ብቻ ብሎ መተው አህጉር ያስለውጣል። «ኤፍ አዝ ኢን ፍራንክ» ይበሉ።

ኤም እና ኤንም በአፍንጫ የሚነገሩ ስለሆኑ ይምታታሉ። በካናዳ የፖስታ ኮድ የመጀመሪያው ፊደል ክልል ያሳያል፤ ኤም ቶሮንቶ ነው፣ ኤን ደግሞ ዊንዘርና ኪችነር ያሉበት ደቡብ ምዕራብ ኦንታሪዮ። ቲ አልበርታ፣ ፒ ሰሜን ኦንታሪዮ፣ ቪ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ቢ ኖቫ ስኮሺያ ናቸው፤ አራቱም በአንድ ድምፅ ያልቃሉ። ደግነቱ ኮዱ ሁልጊዜ ፊደል፣ ቁጥር፣ ፊደል፣ ከዚያ ቁጥር፣ ፊደል፣ ቁጥር ስለሆነና ዲ፣ ኤፍ፣ አይ፣ ኦ፣ ኪው እና ዩ ፈጽሞ ስለማይገቡበት የተሰማው «ኦ» ዜሮ መሆኑ ርግጥ ነው። ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ 17 የሚሆነው የመኪና ሻንሲ ቁጥርም አይ፣ ኦ እና ኪውን አይጠቀምም፤ ለኢንሹራንስ ሲያነቡ «ኦ» የሚመስለው ሁሉ ዜሮ ነው። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን የማመልከቻ ቁጥር ግን ሦስት ፊደልና ዐሥር ቁጥር ሆኖ ብዙ ጊዜ በአይ፣ ኦ፣ ኢ ይጀምራል። እንግሊዞች ዜሮን «ኦ» እያሉ ቁጥር የማንበብ ልማድ አላቸው፤ እርስዎ ለቁጥሩ ሁልጊዜ «ዚሮ» ይበሉ።

የትኛውን የቃል ዝርዝር?

ሁለት የታወቁ ዝርዝሮች አሉ። የመጀመሪያው የአውሮፕላን አብራሪዎች ሲሆን እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1 ቀን 1956 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሥራ ላይ ውሏል። የተመረጠው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ ተናጋሪዎች ጆሮ ተፈትሾ ስለሆነ ከየትም አገር ሰው ጋር ያግባባል። ዘሪሁን በዚህ «ዙሉ፣ ኤኮ፣ ሮሜዮ፣ ኢንዲያ፣ ሆቴል፣ ዩኒፎርም፣ ኖቬምበር» ነው። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የምዝገባ ምልክት በኢ እና በቲ ስለሚጀምር በሬዲዮ «ኤኮ ታንጎ» ይባላል። ሁለተኛው አሜሪካ ውስጥ ፖሊሶች የሚጠቀሙበት የሰው ስም የበዛበት ዝርዝር ነው፦ «ዚብራ፣ ኤድዋርድ፣ ሮበርት፣ አይዳ፣ ሄንሪ፣ ዩኒየን፣ ኖራ»።

ለአየር መንገድ፣ ለሆቴልና አገር ለሚያቋርጥ ጥሪ የአብራሪዎቹን ይምረጡ። ለአሜሪካ ባንክ፣ ለክሊኒክና ለመብራት ኃይል ጥሪ የሰው ስሞቹ ይቀላሉ፤ ተቀባዩ «ዙሉ»ን ላያውቅ ይችላል፣ ሮበርትን የማያውቅ ግን የለም። ሃያ ስድስቱን መሸምደድ አያስፈልግም። በራስዎ፣ በአባትዎና በአያትዎ ስም፣ እንዲሁም በሚኖሩበት መንገድ ስም ውስጥ ያሉትን ብቻ ወረቀት ላይ ጽፈው ከስልኩ አጠገብ ያኑሩ።

ቃል ሲመርጡ በማይነበብ ፊደል የሚጀምረውን ይተዉ፤ ቢላዋ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በኬ ተጽፎ በ«ን» ነው የሚነበበው። ሱናሚም በቲ ይጀምራል፣ ግን ሰሚው ኤስ ይጽፋል። እንግሊዞች «ዜድ ፎር ዜብራ» ሲሉ አሜሪካኖች «አዝ ኢን» ይላሉ። ቁጥር በተቀላቀለበት ኮድ ላይ «አዝ ኢን» ይሻላል፤ «ፎር» አራት ቁጥር ሆኖ ሊጻፍ ይችላል።

ድርብ ፊደልም እንዲሁ ነው። ደሳለኝ ሁለት ኤስ ይዞ ሲጻፍ ለንደን ላይ «ደብል ኤስ» ይባላል፤ አሜሪካ ላይ «ኤስ፣ ኤስ» ብሎ ለየብቻ መጥራት ይቀላል። ዩ ሁለት ጊዜ ከመጣ ግን የትም ቢሆን «ደብል» አይበሉ፤ ደብሊው ይሆናል።

ዱባይ፣ ሪያድና ቤይሩት

እዚያ እንግሊዝኛ የሚናገረው አብዛኛው ሰው ተወልዶ ያደገበት ቋንቋ ሌላ ነው። የፊሊፒንስ ተወላጇ «ዚ» ትልዎታለች፤ የኤፍና የፒ ድምፅም አንዳንዴ ይቀላቀልባታል። የደቡብ ሕንድ ተወላጁ ዜድ ይላል፤ በ«ኤ» ለሚጀምሩት ፊደላት ግን «ይ» ሊጨምርባቸው ይችላል፣ ኤም «የም»፣ ኤል «የል» እየሆኑ። አረብኛ የ«ፕ» ድምፅ ስለሌለው አረቡ ጸሐፊ ፒን ቢ ብሎ ሊመልስልዎ ይችላል፤ ቪም ኤፍ ይሆናል። ጴጥሮስ ወይም ጳውሎስ የሚባል ሰው በስልክ ከመናገር ስሙን በጽሑፍ መልእክት መላኩ ይሻለዋል፤ የግድ በቃል ከሆነም «ፓሪስ» ይበል።

ለፈተና ለሚዘጋጁ

አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ የማዳመጥ ፈተናው አራት ክፍልና 40 ጥያቄ ነው፤ ድምፁ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ስምና የመንገድ ስም ስፔል ተደርጎ ይመጣል፣ ተናጋሪዎቹም እንግሊዛዊ፣ አውስትራሊያዊ፣ ኒውዚላንዳዊ ወይም ሰሜን አሜሪካዊ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ለፈተናው መናገርን ትተው መስማትን ይለማመዱ፦ የአውስትራሊያዊውን ኤ ከአይ፣ የለንደኔውን አር ከኤ፣ «ደብል ኤል» ሲባል ሁለት ጊዜ መጻፍን። አንድ ሰው ሃያ የማያውቋቸውን የአያት ስሞች በየአገሩ አነጋገር ቢያነብልዎ ወይም ከኢንተርኔት ቅጂ ቢያገኙ፣ ከዚያ ያመለጠዎትን ፊደል እየለዩ ቢመዘግቡ፣ ችግርዎ ያለባቸው ሦስት አራት ፊደላት ብቻ እንደሆኑ ያያሉ።

በስልክ ሲሆን ደግሞ ስሙን መጀመሪያ በሙሉ ይጥሩት፣ ቀጥለው ስንት ፊደል እንደሆነ ይናገሩ፣ ከዚያ ሦስት ሦስት እያደረጉ በመሀል ፋታ እየሰጡ ይቀጥሉ። ቁጥሩን አስቀድሞ መናገር ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ጸሐፊው ስድስት ጽፎ ካለቀበት ራሱ ይጠይቃል። ሲጨርሱ መልሶ እንዲያነብልዎ ይጠይቁ፤ ሲያነብ በራሱ አገር አጠራር ስለሚያነበው ኤችን «ሄይች»፣ ዜድን «ዚ» ቢልዎ አያርሙት። የሚታረመው በዜድ ቦታ ሲ፣ በኤም ቦታ ኤን ወይም በኤች ቦታ ስምንት ቁጥር ሲሰሙ ነው።